የመስታወት ጠባቂዋ መርዶ

ጨረቃ ላይ ፀሐይን የሚያወጣት ሰው ነው። አጋነነ እንዳትሉኝ። በዚህ ምላሴ ብዙ አጋንኜ አውቃለሁ፤ ይቺ ግን እንደወረደች ናት። እኛ በረዶ የምንቆፍርበት ጉድጓድ ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ ፀሐይ አይቶ አያውቅም። ከጉድጓዱ ማዶ፣ በዓይን ሠላሳ ኪሎ ሜትር በሚርቅ ከፍታ ላይ፣ አርባ መስታወቶች ተተክለዋል። አንድ ሰው አርባ ቀን ብቻውን እዚያ ይቀመጥና አቧራቸውን እየጠረገ፣ ፀሐይዋ በአድማሱ ዳር ስትዞር መስታወቶቹን አብሮ እያዞረ፣ ብርሃኑን ወደ እኛ ይሰድዳል። ለእኛ ነጋ የሚባለው ያን ጊዜ ነው። በ2089 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ያነጋችልን ያምሮት ሞላልኝ ነበረች፤ የወረታ ልጅ፣ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ።

እኔ ድንበሩ እባላለሁ። ዕድሜዬ ሃምሳ አራት ነው፤ ሃያ ሁለቱን ያሳለፍኩት ከምድር ውጭ ነው። የድርጅቱ መዝገብ ዘጠኝ ይላል። መዝገብ የተጻፈበትን እንጂ የሆነውን አያውቅም።

ኑሯችን ይህን ይመስላል። በረዶ እንቆፍራለን፤ በረዶው ነዳጅ ይሆናል፤ ወደ ማርስ የሚሄዱ መርከቦች ነዳጁን ሞልተው ይሄዳሉ። የተሳፋሪዎቹን ፊት ያየ ከመካከላችን የለም፤ እሳታቸውን ብቻ ነው የምናየው። ጠዋት ስንነሣ ደረታችን ላይ የተለጠፈው ጨርቅ የልብ ምታችንን ለድርጅቱ ይነግራል፤ ድርጅቱ ደግሞ ምን እንደምንበላ ለማብሰያው ይነግራል። ልቡ የፈጠነ ሰው ጨው ይቀነስበታል። ያዘነ ሰው ጣፋጭ ይጨመርለታል። እኔ አንድ ሰሞን ሳላዝን ያዘንኩ እየመሰልኩ አሥራ አንድ ኬክ በልቻለሁ።

እድር ግን አለን። አሥራ አምስት አባላት ነን፤ መሥራቹ እኔ ነኝ። መዋጮው ከየራሽናችን በወር አንድ ኩባያ ሽምብራ ነው፤ ለንፍሮ። አምስት ዓመት ሙሉ ጣሳው ሳይከፈት ቆየ። እዚህ የሞተ አልነበረም። ታች አገር የሞተበት ሁሉ ደግሞ መርዶውን ከእኛ ቀድሞ ከድርጅቱ ማሽን ይሰማና እኛ የምንደርሰው እንባው ከደረቀ በኋላ ነው። ማሽኑ በጥሩ አማርኛ ይናገራል። "እናዝናለን" ይላል። ከዚያ ውሃ ይጠጡ ይላል።

ያን ዕለት ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ማስታወቂያው ለእኔ መጣ። ለምን ለእኔ? ስቀጠር "የላይኛው ዓለም ኢትዮጵያውያን ምክር ቤት ሊቀ መንበር" ብዬ ቅጽ ሞልቼ ነበር። ምክር ቤቱ የለም። ማሽኑ ግን ያመነኝ ብቸኛው ፍጡር ነውና የማኅበረሰብ ተጠሪ አድርጎ መዝግቦኛል። እንዲህ ይላል፦ "ሠራተኛ ያምሮት ሞላልኝ። የቅርብ ዘመድ ሞት፤ አባት። ወረታ፣ በቤታቸው፣ አልጋቸው ላይ። ለሠራተኛዋ የሚነገረው ዛሬ ቀን ስድስት ሰዓት።"

ስድስት ሰዓት ቀርቶናል።

ለማሽኑ ደወልኩ። "ልጅቷ ብቻዋን ናት" አልኩት። "እኛ አገር መርዶ ለብቸኛ ሰው አይነገርም። ሰው እስኪደርስላት ያዙት።"

"የሠራተኛዋን የማወቅ መብት ማዘግየት አንችልም" አለኝ ድምፁ።

"እኔ እኮ ሊቀ መንበር ነኝ!"

"ለዚህ ነው ቀድመን ያሳወቅንዎት። ውሃ ይጠጡ።"

ትርሐስን ቀሰቀስኳት። የሽሬ ሴት ናት፤ የክሊኒኩ ነርስ፤ የእድሩ ዳኛ። ቀጥሎ ኦብሳን። የነቀምት ልጅ ነው፤ እኛ ባጃጅ የምንላትን ባለ ስድስት ጎማ ተሽከርካሪ የሚነዳው እሱ ነው። ሌሎቹ አሥራ አንዱ ለፈረቃ ወደ ጉድጓዱ እየወረዱ ነበር፤ በሩ ላይ ደርሰን ነገርናቸው።

"መርዶ ጎህ ሳይቀድ ነው የሚነገር" አለች ትርሐስ ገና ዓይኗን ሳታብስ።

"የየት ጎህ?" አለ ኦብሳ። "እዚህ ፀሐይቱ እንደሚያበራይ በሬ ዙሪያውን ነው የምትዞረው። መቼም አትወጣ፣ መቼም አትገባ።"

"የወረታው ጎህ ይሁን" አልኩ እኔ።

"እሱማ አለፈ።"

ትርሐስ ትንሽ አሰበች። "ጎህ ማለት ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ሥራ ሳይዝ፣ ክፉ አፍ ሳይቀድመን ማለት ነው። ከስድስት ሰዓት በፊት ከደረስን ጎህ ነው። መንገዱ ስንት ሰዓት ይወስዳል?"

በዓይን ሠላሳ የሆነው በጉድጓዱ ዙሪያ መቶ አሥር ኪሎ ሜትር ነው። ኦብሳ እስከ መጨረሻው ሄዶ አያውቅም፤ የመስታወት ጠባቂዎቹን የምትቀይራቸው ትንሽዋ መንኮራኩር ናት፤ እሷም የምትመጣው በአርባ ቀን አንዴ። መንገዱን በመሬት የሄደ ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

"ሦስት ሰዓት" አልኩ። "እኔ በሦስት ሰዓት ነው የገባሁት፤ ያውም አንድ ጎማ ተበስቶብኝ።"

ይህን ታሪክ አራት ዓመት ሙሉ ሳወራው ኖሬያለሁ። ስታወሩት የኖራችሁት ነገር በአፋችሁ ላይ መንገድ ያበጃል፤ ሳታስቡት ይወጣል።

"ሦስት ከሆነማ ንፍሮው ይድረስ" አለች ትርሐስ። "ባዶ እጃችንን ለቅሶ አንሄድም።"

ጣሳው ተከፈተ። ሽምብራው ታጥቦ ተጣደ። አምስት ዓመት የተቀመጠ ሽምብራ እሺ ብሎ አይበስልም፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብን። እኔም እዚያው ቆሜ እያማሰልኩ እያንዳንዷን ደቂቃ አየሁ፤ ቃል አልተነፈስኩም። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወጣን።

የባጃጇ መስኮት ትንሽ ነው። በግራ በኩል ነጭ ዳገት፣ በቀኝ በኩል የጉድጓዱ ጨለማ። ከጨለማው ሥር አንዲት የብርሃን ጠብታ ትታያለች፤ የያምሮት ብርሃን ናት፤ ፈረቃ ላይ ያሉት ልጆች እዚያ ውስጥ ሲንቀሳቀሱ እንደ ጉንዳን ይታያሉ። ትርሐስ ንፍሮውን ጭኗ ላይ አቅፋ ነጠላዋን ከላይ አልብሳዋለች። አራት ሰዓት ሲሆን ኦብሳ ፍጥነት መቁጠሪያውን አየ፤ ካርታውን አየ፤ እኔን አየኝ።

"ጋሼ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ነው ያሉት መንታ ዓለት የት አለ?"

"ወደ ፊት ነው።"

"ስንት ወደ ፊት?"

ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

"ጋሼ፣ እየነዳሁ ያለሁት እስከ መጨረሻው ረግጬ ነው። ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር አልሞላንም። ይቺ ነገር በሦስት ሰዓት እንዴት ገባችልዎ?"

"አልገባችም" አልኩ።

"ምን?"

"ስምንት ሰዓት ነው የፈጀብኝ። ጎማም አልተበሳም። መንገድ ጠፍቶኝ አንድ ሰዓት ቆሜያለሁ። ሳትጠፋ ሰባት ትሆናለች።"



"አንተ!" አለ ኦብሳ። አምስት ዓመት ሙሉ አንቱ ሲለኝ ኖሮ። "አንተ ሰውዬ! ሽምብራ ስንቀቅል ቆመህ እያየኸን!"

ትርሐስ አልጮኸችም። ንፍሮውን ወደ ደረቷ ጠጋ አድርጋ፣ "ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነዋ የምንደርሰው" አለች። "ሦስት ሰዓት ተኩል ሙሉ ልጅቷ ከዚያ ድምፅ ጋር ብቻዋን ትሆናለች። እናቷ ስትሞት የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። ወንድም የላት፣ እህት የላት፤ ያሳደጋት እሱ ነው።"

የሞተ ሰው ዘመድ ፊት መቀመጥ ከባድ ነው ይባላል። ያን ቀን ሬሳው እኔ ነበርኩ፤ ሁለቱም ዓይናቸውን ገልጠው አላዩኝም።

ብዙ ከሄድን በኋላ ኦብሳ ለራሱ እንደሚናገር ሰው፣ "ሥራ መስመር ላይ ያለ ሰው የግል መልእክት አይገባለትም" አለ።

"እንዴት?"

"አንዱ ውጭ ላይ ሲሠራ መልእክት ገብቶበት ደንግጦ ወደቀ፤ ሞተ። ከዚያ ወዲህ የሥራ መስመር ክፍት እስከሆነ ድረስ ማሽኑ ይጠብቃል። መስመሩ ሲዘጋ ነው የሚነግራት።" ፊቱን አላዞረም። "አንድ ሰው ከስድስት ሰዓት በፊት ደውሎ እስከ ዘጠኝ ተኩል ካወራት…"

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። በዚያ ቀን ለሁለተኛ ጊዜ።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ሲቀረው መስመሩን ከፈትኩ።

"መስታወት አንድ፣ እዚህ ድንበሩ ነኝ።"

"ጋሼ ድንቡ!" ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ ሁልጊዜ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። "ምን እግር ጣለህ?"

"የብርሃኑን ማዕዘን እንለካ ብዬ። ረዘም ያለ ሥራ ነው። መስመሩን እንዳትዘጊ።"

"እሺ" አለች። "አልዘጋም። ስንት ናችሁ?"

"ብቻዬን ነኝ።"

"እሺ።"

እንግዲህ ጀመርኩ። በሕይወቴ ብዙ አውርቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን አላወራሁም። ማዕዘኑን በአሥር ደቂቃ ጨረስን። ከዚያ ወደ ጨረቃ የመጣሁባት መርከብ ሞተሯ በመንገድ ላይ እንዴት እንደጠፋና እኔ ወርጄ እንደገፋኋት ነገርኳት።

"ባለፈው እኮ ሦስት ሆናችሁ ነው የገፋችኋት" አለች።

"ሁለቱ ደከሙ።"

ሳቀች። ሳቋ ግን እንደ ቀድሞው አልነበረም፤ አጭር ነው። ከፈረንጆቹ አዛዥ ጋር ትግል ገጥሜ እንዴት ጣሪያ ላይ እንደሰቀልኩት ነገርኳት። የማርስ ተሳፋሪዎች በመስኮት አይተውኝ እንዴት ቆመው እንዳጨበጨቡልኝ ነገርኳት። ሰባት ሰዓት ሆነ። ሰባት ተኩል ሆነ። ምላሴ ደረቀ። ትርሐስ በገለባ ውሃ ታጠጣኝ ነበር፤ ድምፅ ላለማሰማት ጫማዋን አውልቃለች። መንታው ዓለት በግራችን አለፈ፤ ኦብሳ ጣቱን ወደ እሱ ቀስሮ አሳየኝ። እውነተኛውን ግማሽ መንገድ ካለፍን ቆይተናል ማለት ነው።

ስምንት ሰዓት ሲሆን የማወራው አለቀብኝ። እኔ! እውነት ነው የምላችሁ፤ አለቀብኝ።

"ጋሼ" አለች። "አባቴን ነግሬህ አውቃለሁ?"

ትርሐስ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች።

"አልነገርሽኝም" አልኩ።

"ሩዝ ነው የሚያመርተው። ፎገራ ላይ ውሃ ሲሞላ ማሳው ባሕር ይሆናል። ከሱ ማሳ ታች የአንዲት ባልቴት ማሳ አለ፤ ውሃው እሷ ጋ ሳይደርስ ይቀራል። አባቴ በየጠዋቱ ቀድሞ ተነሥቶ ድንበሩን በዶማ ይከፍትላታል። ዶማው ሲያርፍ እሰማለሁ። ውሃ ምን ጊዜም መንገድ ያበጀለትን ነው የሚከተል ይለኝ ነበር። እዚህ መጥቼ መስታወት አዙሪ ስባል፣ ይኼማ የአባቴ ሥራ ነው አልኩ።"

"ትልቅ ሰው ናቸው" አልኩ።

"አይ ጋሼ። እንደዚህ አይደለም። አንተ እንደምትለው በል።"

"እንዴት?"

"አጋንንልኝ" አለች። "እስቲ ዛሬ አባቴን አጋንንልኝ።"

አቶ ሞላልኝን በዓይኔ አይቻቸው አላውቅም። ግን ጀመርኩ። ሞላልኝ ዶማውን ሲያነሣ ጣና ወደ ኋላ ይሸሻል አልኩ። ርብና ጉማራ ወንዞቹ ከመሙላታቸው በፊት ደጁ ቆመው ያስፈቅዳሉ አልኩ። አንድ ማሳ ሩዝ ዘርቶ ሦስት አውራጃ አበላ፤ የተረፈውን ወፍ በላችው፤ ወፏ ከብዷት መብረር አቃታት አልኩ። ሚስቱ የሞተችበት ቀን በአንድ እጁ ልጁን አዝሎ በአንድ እጁ አጭዷል፤ ልጅቷም አልወደቀች፣ እህሉም አልፈሰሰ አልኩ። ያቺን ልጅ አሳድጎ አሳድጎ ምድር ብትጠበው ጨረቃ ላይ አስቀመጣት፤ እሷም የሱን ውሃ ብርሃን አድርጋ ለአሥራ አምስት ሰው ታጠጣለች አልኩ። ለምን ያህል ጊዜ እንዳወራሁ አላውቅም። በየመካከሉ "እሰይ" ትለኝ ነበር፤ ድምፅዋ እየወፈረ፣ እየወፈረ። አንዴ "እሰይ አባቴ" አለች።

ያን ጊዜ ማወቅ ነበረብኝ። አገሬ ላይ ለማን ነው እንዲህ የሚባለው? ለማን ነው አልቃሽ ቆማ ያልሠራውን ጨምራ የምትደረድርለት? እኔ ግን የራሴን አፍ እየሰማሁ አላወቅኩም።

ዘጠኝ ተኩል ላይ ደረስን። ባጃጇ ከመጠለያው በር ጋር ተገጠመች። "አንዴ ቆይ፣ ያምሮት፣ መስመሩን አትዝጊ" አልኩ። በሩ ተከፈተ።

ጠረጴዛዋን ወደ ግድግዳ አስጠግታዋለች። ወለሉ ላይ ፍራሽዋን፣ ብርድ ልብሷን፣ የመስታወት መጥረጊያ ጨርቆቹን ሁሉ አንጥፋለች። ጸጉሯ ተፈትቷል። ሻሽዋን ወገቧ ላይ አስራዋለች። የፈላ ውሃ አለ፤ አራት ኩባያ ተደርድሯል። የሥራ መስመሩ ማዳመጫ አሁንም ጆሮዋ ላይ ነው።

ማንም ቃል ሳይወጣው ግድግዳው ላይ ወዳለው የሥራ ሰሌዳዋ አመለከተችን። ማሽኑ ገና ጠዋት ነው የሞላው፦ "ከነገ ጀምሮ ሦስት ቀን። የሐዘን ዕረፍት።"

"ስነሣ አየሁት" አለች። "የሐዘን ዕረፍት የሚሰጠው ለእናት፣ ለአባት፣ ለባልና ለልጅ ነው። እናቴን ቀብሬያለሁ። ባልም ልጅም የለኝም።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?" አልኩ። "ሦስት ሰዓት ተኩል ሙሉ…"

"የባጃጇ ድምፅ ከሥር ይሰማኝ ነበር" አለች። "ትርሐስም አንዴ አስነጥሳለች። እየመጣችሁ እንደሆነ ገባኝ።" ማዳመጫውን አወለቀች። መስመሩን ግን አልዘጋችውም። "አውቃለሁ ጋሼ። ግን የነገረኝ ሰው የለም። ንገሩኝ።"

ትርሐስ በግራዋ ተቀመጠች። ኦብሳ በቀኟ ቆመ። ትርሐስ ንፍሮውን ከፍታ ከእጇ አንድ ጭብጥ አጎረሰቻት፤ ባዶ ሆድ አይነገርምና። ዋጠች። ከዚያ ሦስቱም እኔን አዩኝ፤ በዕድሜ ትልቁ እኔ ነኝ።

አፌ ውስጥ ጣናም ነበረ፤ ወንዞቹም፣ ወፏም ነበሩ። ሁሉንም ዋጥኳቸው።

"ያምሮት፤ አባትሽ አርፈዋል" አልኩ። "ቤታቸው ውስጥ። አልጋቸው ላይ።"

እንደሰማችው ያወጣችው ዓይነት ድምፅ ጨረቃ ላይ ከዚያ በፊት ተሰምቶ አያውቅም። በቀስታ ነው የወደቀችው፤ እዚያ ሁሉም ነገር በቀስታ ይወድቃል፤ ትርሐስ ተቀበለቻት። እንባዋ ከአገጯ ተነሥቶ ፍራሹ ላይ እስኪደርስ ዓይን ይከተለዋል። ደረቷ ላይ ያለው ጨርቅ መጮህ ጀመረ፤ ኦብሳ ቀድዶ ጣለው። በዚህ መሃል ማን እንደረገጠው አላውቅም፣ መስመሩ ተዘጋ፤ ማሽኑም ተራው ደረሰና በዚያ በጥሩ አማርኛው "እናዝናለን" አለ። "ብቻዎን መሆን ከፈለጉ በሩን እንቆልፍልዎታለን።"

በሙሉ ድምፅ እያለቀስን ነበር።

መስታወቶቹን ያስታወሳቸው አልነበረም። ፀሐይዋ ትሄዳለች፤ መስታወቶቹ ቆመዋል። ታች ያሉት ልጆች ኋላ ነገሩኝ። ብርሃኑ መጀመሪያ ከእግራቸው ሥር ተንሸራተተ። ከዚያ ቀስ እያለ በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ ወጣ፤ እነሱ ያልቆፈሩትን፣ ማንም አይቶት የማያውቀውን ዓለት አበራ። ከዚያ ከላይ ወጣና ጠፋ። የፈረቃ አለቃው "መስታወቶቹ ምን ሆኑ? የራስ መብራታችሁን አብሩ!" እያለ በመስመሩ ይጮሃል። አሥራ አንዱ አላበሩም። አንዱ "ተነገራት" አለ። በጨለማው ውስጥ መቆፈሪያቸውን አስቀምጠው ቆሙ፤ የጠፈር ልብስ ለብሶ ደረት መምታት አይቻልም፤ ቆመው ብቻ አለቀሱ።

በሦስተኛው ቀን ያምሮት ራሷ ተነሥታ መስታወቶቹን አዞረች። ነጋ።

አሁን አዲስ የሚመጡት ልጆች ስለዚያ ለቅሶ ይጠይቁኛል። ስንት ሰው ነበር ይሉኛል፤ መንገዱስ ምን ያህል ነው ይሉኛል። ሌላውን ሁሉ እንደ ልማዴ እነግራቸዋለሁ፤ መርከብ ስገፋ ብቻዬን ነበርኩ። ይህን ግን እንዲህ ነው የምላቸው፦ መንገዱ ሰባት ሰዓት ነው። ላይ ሦስት ነበርን። ታች አሥራ አንድ።